አባባ መኪናዋን ለማን እንደሰጧት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለግራንት፤

እንደምን ከርመሃል? ትከሻህስ እንዴት ሆነልህ? ባለፈው ዓመት መረብ ስትጎትት የዞረብህ ትከሻ ዳነ፣ ወይስ እንደ ልማድህ ጥርስህን ነክሰህ ዝም ብለሃል? ባለቤትህ ሆሊ ደህና ናት? ያ ሳሏ ለቀቃት? ልጅህ ቴሳ በላክህልን ፎቶ ላይ ከእናቷ ትከሻ ደርሳለች፤ ዓይኔን ማመን ነው ያቃተኝ። እናንተ ጋ፣ አላስካ ኮዲያክ ላይ በረዶው ገባ ወይ? እዚህ ገና ጠዋት ጠዋት መስታወት ላይ ብቻ ነው። እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። የእኔው ሰውዬ ዱዌይን ጉልበቱን እያማረረም ቢሆን የወይኑን ለቀማ ጨርሷል። ዘንድሮ ዝናቡ አልቆም ብሎ ፍሬው ግማሽ በግማሽ በሰበሰ፤ ሐይቁም ሞልቶ የጀልባ ማሰሪያውን ውጦታል። ከተረፈው ወይን ፓይ ጋገርኩ። ሽሮፑን ሳፈላው ድስቱን የሚልሰው ሰው የለም ብዬ አሰብኩህ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስልክ ያልደወልኩልህ የአባባን ስም ገና ሳነሳ «ጀልባው ሊነሳ ነው» ብለህ እንደምትዘጋብኝ ስለማውቅ ነው። ወረቀት ግን አይዘጋም። ንዴት ከመጣብህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፤ አትቅደደው። ሲበርድልህ ተመልሰህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከእህትህ በላይ የሚለምንህ የለም። ግራንት፣ ትንሿን መኪና ሸጥናት።

አዎ፣ ያችኑ ቀይ ማዝዳ። አንተና አባባ ወለሏ በዝገት ተበልቶ የገዛችኋትን፣ ሞላዋን በጠንካራ ቀይራችሁ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ ብትገለበጥ ራስ የሚጠብቅ የብረት ቅስት በይዳችሁላት፣ ታርጋዋንና ቦሎዋን እንደያዘች ለውድድር ሜዳ ያበቃችኋትን። ስሟ ሲነሳ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

የአባባ ሕመም በስም ነው የጀመረው። መጀመሪያ የጎረቤቶች ስም ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ የእኔ ስም። አንዳንድ ቀን ሎይስ እያሉ ይጠሩኛል። በእማማ ስም መጠራቱ አይከፋኝም ነበር፤ ግን ወዲያው አስከትለው «ልጆቹ በሉ?» ይሉኛል። ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ጫማ ምድጃ ውስጥ ማግኘት ለምደናል። ሳቅ እያልን አለፍነው፤ ሰው የሚያስፈራውን ነገር መጀመሪያ የሚስቅበት ይመስለኛል። በሴፕቴምበር፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን የሆነው ግን ሳቃችንን ቀማን።

ቁርሳቸውን ይዤ ስሄድ ጋራዡ ባዶ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ዞርን፤ የውድድር ሜዳው በር ድረስ ሄድን፤ የሉም። ረፋድ ላይ ከፔን ያን ከተማ ስልክ ተደወለ። አንዲት ፖሊስ ናት። «እመቤት፣ አባትዎ ደህና ናቸው፤ ግን ከመኪናው አልወርድም ብለውኛል» አለችኝ። ለምን ብላት «ወደ ሜዳ የሚያስገባው ባንዲራ አልተውለበለበም ይላሉ» አለች። እስክንደርስ እንዴት እንደነዳን እኔም ዱዌይንም አናውቅም። አባባ የትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ናቸው። ሄልሜታቸውን አጥልቀው፣ ጓንታቸውን አድርገው፣ ሞተሩን እያስጓሩ በር በሩን ያያሉ። በዚያው በር ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው ይወጣሉ፣ ይገባሉ።

ያቺን ፖሊስ እግዚአብሔር ይባርካት። ብርቱካናማ ሰደርያዋን አውልቃ ከፊታቸው ቆማ አውለበለበችና «በዝናብ ምክንያት የዛሬው ተሰርዟል! ሞተር ይጥፋ!» ብላ ጮኸች። አባባ ቀና ብለው ሰማዩን አዩት፤ አንድ ደመና የለበትም። «እንግዲህ ከሆነ ምን ይደረጋል» አሉና አጠፉት። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናቡ ሲያጉረመርሙ ነበር።

ሐኪማቸው ቁልፉን ውሰዱ አለን። ዱዌይን ባትሪዋን ነቀለ። እኔ ደግሞ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ሳሰላስል አደርኩ። መንገር እንኳ አላስፈለገኝም። አሁንም አልፎ አልፎ አእምሯቸው ጥርት ብሎ የሚነሱበት ጠዋት አለ፤ ያ ጠዋት እንደዚያ ነበር። ወጥ ቤት መጥተው ወንበር ስበው ተቀመጡና «ዴሊያ፣ እዚያ ልጆች ነበሩ አይደል?» አሉኝ። «ነበሩ አባባ» አልኳቸው። ስኒያቸውን አዞር አዞር አደረጉና «እንሽጣት» አሉ። ማስታወቂያውንም እኔ ልጻፍ ብል እምቢ ብለው በገዛ እጃቸው ጻፉት። እንዲህ ይላል፤

«ያገለገለች ባለሁለት ወንበር ማዝዳ። ለውድድር ሜዳ የተዘጋጀች፣ ታርጋና ቦሎ ስላላት በመንገድም የምትነዳ። ፍሬኗ አዲስ ነው። ሁለተኛ ማርሿ በብርድ ታስቸግራለች፤ እስክትሞቅ አታስገድዷት። ጣራዋን ከጣልነው ቆየ፤ ዝናብ የሚፈራ አይምጣ። ጎረቤት ያለው ሰውም ስለ ድምጿ ቀድሞ ያስብበት።»

ዱዌይን አንብቦ «ኧረ አባባ፣ ይሄ ገዢ መጥሪያ ነው ወይስ ማባረሪያ?» ቢላቸው «የሚባረር ይባረር» አሉት።

እውነትም ተባረሩ። አንዱ ከሮቼስተር መጥቶ ኮፈኗን እንኳ ሳያስከፍት ሞተሯን ነቅሎ ለሌላ መኪና ሊገጥመው እንደሆነ ነገረን። አባባ «ሥጋ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው» ብለውት ወደ ቤት ገቡ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ምግብ ቤቷ በር ላይ አቁማ ወንበሮቿ ላይ አበባ ልትተክልባት ፈለገች። በእሷ ግን አልተቆጡም። ኮፈኗን እየዳበሱ «ገና አልሞተችም እኮ» ብቻ አሏት። ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች።

ቀጥሎ የመጣው ዌስሊ ይባላል፤ የኤልማይራ ከተማ ልጅ ነው። ልጅ አልኩት እንጂ ሠላሳውን አልፏል። ለየቤቱ የማሞቂያ ነዳጅ የሚያድል ቦቴ ይነዳል። ከመኪናው ሲወርድ አንተ የመጣህ መሰለኝ። መልኩ አንተን አይመስልም። ቁመናው ግን፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ መቆሙ፣ ከመናገሩ በፊት ጆሮውን ማሻሸቱ፣ ያንተው ነው። አሁን ያለኸውን አይደለም፤ ከዚህ ቤት የወጣኸውን አንተን ነው የምልህ።

ኮፈኗን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ሲያይ አባባ ምርኩዛቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። ደረጃው ላይ ቆም አሉ። «ግራንት» አሉ። ዌስሊ ዞሮ እኔን አየኝ። «መጣህ?» አሉት አባባ። ይሄ ዌስሊ የሚባል ገዢ ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ፊታቸውን አየሁት። ወንድሜ፣ ያንን ፊት ብታየው አንተም አፍህን ትዘጋ ነበር። ልጁ ምን እንደተረዳ አላውቅም፤ ዘይት የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «አዎ፣ መጣሁ» አለ።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የጠፋኸው? ጢም ደግሞ! ፍየል መስለሃል» አሉት።

«ብርዱ ነው» አለ ዌስሊ።

«ሰበብ አታብዛ፤ ግባና ያዛት። ስትነዳ ልይህ» አሉና ራሳቸው በዚያኛው በር ዞረው በተሳፋሪው ወንበር ተቀመጡ። አባባ! ሰው ሲነዳ አጠገቡ መቀመጥ እንደ ስድብ የሚቆጥሩት ሰውዬ! ዱዌይን ባትሪዋን መልሶ ገጠመ። መቼም ሦስተኛ ወንበር የላትም፤ እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ።

ወደ ኮረብታው፣ በጥንቱ የውድድር መንገድ ነው የወጡት። ድምጿን በጆሮዬ ተከተልኩት። ሁለተኛዋን ማርሽ ስታጉረመርም፣ ከዚያ ስትለቅላቸው ሰማሁ፤ ቀጥሎ ዛፎቹ ዋጧት። መቆየታቸው በዛብኝ። የታመመ ሽማግሌ ከማላውቀው ሰው ጋር፣ ያውም በዚያች መኪና ሰድጄ ቆሜያለሁ ብዬ ራሴን እረግማለሁ። ዱዌይን ልከተላቸው ብሎ ቁልፉን ሲያነሳ ድምጿ ከታች መጣ።

አባባ ፀጉራቸው ቆሞ፣ ጉንጫቸው በነፋስ ቀልቶ ወረዱ። «አየሽው ሎይስ? ከእኔ ይበልጣል!» አሉኝ። ፓይ አለ ወይ ብለው ጠይቀው ምርኩዛቸውን ሣሩ ላይ ጥለው ገቡ። ዌስሊ አልወረደም። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቁጭ ብሏል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ጠጋ ስል «እመቤት፣ ወንድም አለዎት?» አለኝ። አለኝ አልኩት። «እንግዲያው አንድ ነገር ልነግርዎት ይገባል። ለእኔ የተነገረ አይደለም» አለ።

ይህን ስጽፍ ዱዌይን ማሞቂያው ጠፋብኝ ብሎ ጠርቶኝ ተነስቼ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከቤት የወጣህበትን ያን ቀን ላስታውስህ ማለት በልብህ የተዳፈነውን እንደገና መቀስቀስ ነው፤ ግን ሳልናገረው ቀሪው አይገባህም። እማማ የተቀበሩበት ጸደይ ነበር። ሰው ሁሉ የግል መኪናውን ይዞ ሜዳው ላይ የሚነዳበት ቀን። መጀመሪያ የምትነዳት አንተ እንደሆንክ ተስማምታችሁ ነበር። ሄልሜትህን አጥልቀህ ተራ ስትጠብቅ አባባ መጥተው በሩን ከፈቱና አወረዱህ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «የአንተ እጅ የሚሆነው ለአካፋ ነው፤ ይቺን ለሚችላት ተው» አሉህ። ከኋላ የሳቁም ነበሩ። አንተ ጓንትህን አውልቀህ ኮፈኗ ላይ አስቀመጥክና በእግርህ ወጣህ። ሳምንት ሳይሞላ አላስካ ነበርክ።

ዌስሊ የነገረኝ ይህን ነው። የድንጋዩ ድልድይ ጋ ሲደርሱ አባባ አቁማት አሉት። ሞተሩን አስጠፉትና ፊታቸውን ወደ ጅረቱ አዙረው ተናገሩ። ልጁ ቃሉ እንዳይጎድልበት እየታገለ ነው የነገረኝ፤ እኔም እንደሰማሁት አስቀመጥኩልህ።

«ያን ቀን እጅህ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ጠዋት ስትለማመድ ቆሜ አይቼሃለሁ፤ ከእኔ እጅ ይሻላል። እናትህን ከቀበርኩ ገና መሬቱ አልደረቀም። ሰልፉ ላይ ሄልሜት አድርገህ ሳይህ ፊትህ አልታየኝም። ሬሳ መሰልከኝ። ፈርቻለሁና ውረድ ብልህ ትስቅብኝና ትነዳ ነበር። ስለዚህ የሚያወርድህ ቃል ፈለግኩ። አገኘሁት። ከመኪናዋ እንድትወርድ ነበር የፈለግኩት፤ ከቤት እንድትወጣ አልነበረም።»

ምን መለስክላቸው ብዬ ዌስሊን ብጠይቀው «ምን እመልሳለሁ? ገባኝ አልኳቸው» አለኝ። ከዚያም «ይቅር ብዬዎታለሁ ግን አላልኩም። ያ የእኔ አይደለም» አለ። ለዚህች ቃሉ ሰውዬውን አከበርኩት።

መኪናዋን ለእሱ ሰጠናት። የክፍያ ነገር ሲነሳ አባባ «ለገዛ ልጄ ልሽጥ? አብጃለሁ?» ብለው ሊቆጡ ሲሉ ዌስሊና ዱዌይን ጓሮ ሄደው ጨረሱት። ስትወጣ አባባ እስከ አጥሩ ሸኟት። ኩርባውን ይዛ እስክትጠፋ አልተንቀሳቀሱም። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ሊያለቅሱ ነው ብዬ ስጠብቅ እየሳቁ ዞሩ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ባዶውን ጋራዥ ሲያዩ «መኪናዬስ?» አሉኝ። ግራንት ወሰዳት አልኳቸው። «ጥሩ» አሉ። ይህን ጥያቄና መልስ እስካሁን በየጠዋቱ እንደ ጸሎት እንደግመዋለን፤ አንድም ቀን «ጥሩ» ከማለት አላለፉም። ዌስሊም በመጀመሪያው እሑድ ስለ ማርሿ ሊጠይቅ ደውሎ ነበር። አባባ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው ስለ ጎማ፣ ስለ ነፋስ፣ ብርድ ሲገባ ሞተሯን እንዴት እንደሚያሞቃት ነገሩት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክራቫታቸውን ሳያወልቁ ስልኩ አጠገብ ይቀመጡ ጀመር። ልጁም አላሳፈራቸውም፤ ይደውል ነበር። የምነግርህ እውነቱን ነው፤ እኔም ለእሑድ እጓጓ ነበር። ቤቱ ውስጥ ሳቅ የሚሰማበት ቀን ያ ብቻ ነበርና።

ባለፈው ሳምንት ግን ከአባባ ጋር ከጨረሰ በኋላ ከእኔ ጋር መነጋገር ፈለገ። «እመቤት፣ ከዚህ በኋላ አልደውልም» አለኝ። ደነገጥኩ፤ ቅር ያሰኘንህ ነገር አለ ወይ አልኩት። «የለም። የእኔ አባት ከሞተ ቆየ። እንደዚህ ያለ ነገር አንድ ቀን አጫውቶኝ አያውቅም። አሁን እሑድ እስኪደርስ እየቸኮልኩ ነው። ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኛል፣ ልጄ ሲሉኝም ደስ ይለኛል። ለዚህ ነው ማቆም ያለብኝ፤ የሌላ ሰው ነገር እየወሰድኩ ነው» አለ። አመስግኜው ዘጋሁ።

ግራንት፣ ለአባባ ጥብቅና አልቆምም። ፍርሃት ነበር ተብሎ ያ ቃል ያልተባለ አይሆንም። አንተ ያደርክበትን ብርድ፣ ያለ ቤተሰብ ያገባህበትን ቀን፣ ቴሳ ያለ አያት ማደጓን ማንም አይመልስልህም። ይቅር በል ብዬም አላዝህም። ነገር ግን የድንጋዩ ድልድይ ላይ የተነገረው ያንተ ነው፤ ዌስሊ ደግ ሰው ባይሆን ኖሮ ይዞት ይቀር ነበር። እኔ ዘንድ በአደራ ማስቀመጥ አልችልም። ሐኪሙ ጸደይ ሲገባ ማን ማን እንደሆንን የሚለዩ አይመስለኝም ብሎኛል። መምጣት ካልቻልክ ደውል። መናገር ካቃተህ ዝም ብለህ አድምጣቸው፤ እሳቸው ይናገራሉ።

ከትናንት በስቲያ እሑድ ነበር። አባባ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። ስልኩ አልጮኸም። እኔ ወጥ ቤት ለሐሙሱ የምስጋና በዓል ድንች እየላጥኩ ምን ብዬ እንደምዋሻቸው አስባለሁ። ተነስተው ክራቫታቸውን ሲያወልቁ ሰማሁና እጄን ሳልጠርግ ሮጥኩ። አልከፋቸውም፤ በመስኮቱ ሐይቁን ያያሉ። «ባሕር ላይ ይሆናል» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ነፋስ ሲኖር ከዚያ ስልክ አይሠራለትም።»

ወንድሜ፣ ዌስሊ ቦቴ ነጂ ነው። ባሕር ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ባሕር ላይ እንደምትሠራ እኔ አልነገርኳቸውም፤ ዱዌይንም አልነገራቸውም።

ሆሊን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ፤ በዚያ የባሕር ጠረፍ ብርድ ኮት ሳትደርብ እንዳትወጣ ተቆጣት። ለቴሳ ያክስቷን ሰላምታ ንገርልኝ፤ የሹራብ ልኳን ላኩልኝ፣ ያለፈው እጅጌው እንዳጠራት በፎቶው አይቻለሁ። የሆሊን እናትም ሰላም በልልኝ። ዱዌይን «ለዚያ ደረቅ ሰላም በይልኝ» ብሏል፤ በፍቅር ነው። አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ መጻፌን አያውቁም። የቤቱ ስልክ ቁጥር ያው የድሮው ነው።

የምትወድህ እህትህ ዴሊያ

ዋትኪንስ ግሌን፣ ኒው ዮርክ
ኖቬምበር 26 ቀን 2019